ቅቤው ሳይወጣ የገቡት ጎረቤት

ቡጭ ቡጭ የሚለው የቅል ድምፅ ዛሬም በእንቅልፍና በንቃት መካከል ስሆን ከሩቅ ይመጣብኛል። ሚኒሶታ፣ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ባደግሁበት አፓርትመንት፣ እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ቅሉን በወይራ አጥና፣ የረጋውን ወተት ገልብጣበት፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትንጥ ነበር።

በሰመር ቅቤው ቶሎ ይወጣ ነበር፤ አጠገቧ እንቅልፍ ይወስደኝና፣ ስነቃ አናቴ ላይ ቅቤ ተለድፎ፣ የሚኒሶታ ዝንብ በሙሉ ተጠራርቶብኝ አገኘው ነበር። ሲናጥ የገባ ሰው ታዲያ ቅቤው ሳይወጣ አይወጣም፤ ቀድሞ ከወጣ ቅቤውን ይዞት ይሄዳል ይባላል። ታክሲ ነጂው አባቴ ረስቶ ከገባ፣ ኤርፖርት የሚጠብቁት መንገደኞች እዚያው አርጅተው ይቀሩ ነበር።

በረዶ ሲመጣ ግን ወተቱ ይለግማል። የወይራውን ጭስ ለማስወጣት መስኮት ስንከፍት፣ ብርዱን አይቶ ጭሱ ራሱ ተመልሶ ይገባ ነበር። አንድ ክረምት፣ ከታች የሚኖሩት ሽማግሌ በድምፁ ደጋግመው ስለከሰሱን፣ የሕንፃው ማናጀር «አንድ ክስ ከተጨመረ ቤቱን ትለቃላችሁ» አለን። እናቴ ግን አክስቴ ወልዳ ነበርና፣ ለአራስ የሱቅ ቅቤ መውሰድ ነውር ሆኖባት፣ ቅዳሜ ጠዋት መናጧን ቀጠለች። እስከ ቀትር ምንም የለም። በሩ ተንኳኳ፤ ሽማግሌው ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ገቡ።

«ካላቆማችሁ አሁኑኑ ለማናጀሩ እደውላለሁ!» አሉ፤ ተረጎምኩላት።

«ይደውሉ» አለች እናቴ እጇን ሳታቆም። «ግን አንዴ ገብተዋል፣ ቅቤው ሳይወጣ የት ይሄዳሉ? በሩን ዝጊው!»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ኪድናፕ ማድረግ ነው!»

«ሻይ አፍልቼላቸው ምን ኪድናፕ አለ?»

ሽማግሌው ግን ዓይናቸው ቅሉ ላይ ቀርቶ ነበር። ቀስ ብለው ተንበርክከው ዳሰሱት።

«በርዶታል» አሉ። «እርሻችን ላይ እናቴም በረዶ ሲሆን እንዲህ ያስቸግራት ነበር።»

ወፍራም ካፖርታቸውን አውልቀው ቅሉን ጠቀለሉት፣ ወደ ማሞቂያው አስጠጉትና፣ ከእናቴ ጋር እየተፈራረቁ፣ አንዲት ቃል ሳይግባቡ ይንጡ ጀመር። መስኮቱ በላብ ደበዘዘ፤ ቡጭታው ወፈረ፣ ከበደ፣ ከዚያም ቅቤው ወጣ። እናቴ ከአራስ ድርሻ ቆንጥራ መላጣቸውን ስትቀባቸው፣ እንደ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስልኩንም ረሱት፣ እኛም ቤቱን አልለቀቅንም።

አሁን እዚያው ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ በሚባል ከተማ፣ በራሴ ቤት፣ ወተቱን ማሽን ይንጥልኛል፤ ከበታቼ የሚኖር የለም፣ የሚከሰኝም የለም። ቅቤው ያው ቅቤ ነው። ብቻ በጣም ቶሎ ስለሚወጣ፣ ሰው መጥቶ የሚቆጣበት ጊዜ እንኳ አይተርፍም።