ያልተቆጠረው ራስ

ባለፈው ሳምንት በሶማሌ ተራ ሳልፍ አንድ መካኒክ ከሱቅ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ ቅባት የጠገበ የመኪና ዕቃ በነጭ ጋዝ ያጥብ ነበር። ብሩሹን ነከር እያደረገ ሲፈትግ ሽታው ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እግሬ ቆመ። ከኋላዬ ጣቃ ጨርቅ የተሸከመ ሰው "እህቴ፣ ማሰብ ካማረሽ ቤትሽ ሂጂ፤ ይሄ መርካቶ ነው!" ብሎ በትከሻው ገፋ አድርጎኝ አለፈ። ልክ ነው፤ እዚያ ቆሞ የሚያስብ ሰው መንገድ ይዘጋል። ግን ያ ሽታ ለሌላው የጋራዥ ሽታ ሲሆን ለእኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የራሴ ሽታ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ከመሳለሚያ ወደ እህል በረንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ክፍል ቤት ነበር። አባቴ ጤፍ ይነግዳል፤ ሱቁ የማይችለው ጤፍ የሞላ ማዳበሪያ ሁሉ ጓዳችን ውስጥ ይደረደራል። በማዳበሪያዎቹ መካከል፣ ልክ በሸለቆ ውስጥ እንዳለች ጎጆ፣ የእትዬ ሩቅያ አልጋ ነበረች። እትዬ ሩቅያ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ እህል በረንዳ ውስጥ ሽምብራና ምስር የሸጡ፣ እፍኝ እህል አሽትተው የየት አገር እንደሆነ የሚናገሩ፣ ባላቸው በጊዜ የሞቱባቸውና ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ታናሽ ወንድሜ ተወልዶ የእናቴን ጎን ሲወስድብኝ እኔ ወደ እሳቸው አልጋ ተዛወርኩ። ግንባሬን ከአንገታቸው ሥር ሸጉጬ፣ እርጥብ ጤፍ ሊሸጥላቸው ሞክሮ ስለተዋረደው ነጋዴ ሲያወሩልኝ፣ ጨዋታው ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሻሻቸውን ሲተኙም አይፈቱትም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፀጉራቸው ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም፤ ማየት የሚቻል ነገር መሆኑንም አላሰብኩም።

ቅማሉን ያየችው እናቴ ናት፣ ሹሩባዬን ስትፈታ። መጀመሪያ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ መጋረጃውን፣ ከዚያ አፌን። ጥፋቱን ወዲያው አብራኝ ዴስክ ላይ ለምትቀመጠው ልጅ ሰጠቻት፤ ያቺም ልጅ እናቷ ጥፋቱን ለእኔ እንደሰጠችኝ በነጋታው ነገረችኝ። ከዚያ ነጭ ጋዙ መጣ። ራሴ ላይ ተፈስሶ በፌስታል ይታሰራል፤ ቆዳዬ እንደ በርበሬ ይለበልበኛል፤ ወንድሜ ክብሪት ይዞ እንዳይጠጋኝ እናቴ በር ላይ እንደ ዘበኛ ትቆማለች። ዛሬ ሳስበው ያልነደድኩት በአላህ ፈቃድ እንጂ በእኛ ብልኃት አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቶቻችንም ቤት ያው ሽታ ይወጣ ነበር፤ ግቢው በሙሉ ነዳጅ ማደያ ይመስላል፤ ግን ማንም ማንንም "እናንተም ቤት ገባ እንዴ?" ብሎ አይጠይቅም። ሁሉም በየቤቱ በሩን ዘግቶ፣ በየተራው፣ ብቻውን ይዋጋል።

ቅማሉ ይሄድና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይመለሳል። እናቴ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ አንሶላውን ቀቀለች፣ የአባቴን ኮት ሳይቀር ቀቀለችውና ኮቱ ለወንድሜ የሚሆን ሆኖ ወጣ። በመጨረሻ ምላጭ ገዝታ መጣች። ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ፎጣ አንገቴ ላይ ስታስር ጩኸቴን ሰምተው እትዬ ሩቅያ ከጓዳ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ።

"ዘሃራ፣ ያቺን ምላጭ አስቀምጪ።"

"እትዬ፣ ምን ላድርግ? ሰለቸኝ እኮ!"

"የልጅቷን ፀጉር ከነካሽ እኔ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።"

እናቴ ምላጩን አስቀመጠች። እኔም በዓለም ላይ እንደ እሳቸው የሚወደኝ እንደሌለ አመንኩ፤ በዚህስ አልተሳሳትኩም። ልብ ያላልኩት ነገር ቢኖር ሲመለሱ እጃቸው ከጆሯቸው ኋላ፣ ሻሹ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ነው። አየሁት፣ ግን ምንም አልመሰለኝም።

በማግስቱ እናቴ እጄን ይዛ መሳለሚያ ወዳለ መድኃኒት ቤት ወሰደችኝ። ሰው እስኪወጣ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለባለመድኃኒቷ ነገረቻት። ባለመድኃኒቷ ወጣት ነበረች፣ ሳቂታ። ነጭ ጋዝ የሚለውን ስትሰማ ግን ሳቋ ጠፋ። ራሴን በብርሃን በኩል አዙራ ቁስሉን አየችና "ሁለተኛ እንዳታደርጊው" አለቻት። ቅማል አትዘልም፣ አትበርም አለች፤ ራስና ራስ ሲነካካ ተራምዳ ነው የምትሻገረው። ከቆሻሻ የምትፈጠርም አይደለችም፤ የታጠበ ፀጉር ላይም ትኖራለች፤ ከሰው ራስ ወርዳ ግን ከሁለት ቀን በላይ አትቆይም፣ ስለዚህ ኮቱ በከንቱ ነው የተቀቀለው። እናቴ በኮቱ ነገር አንገቷን ደፋች።

"ቤት ውስጥ ስንት ራስ አለ?"

"አራት፤ እኔ፣ አባቷ፣ እሷና ወንድሟ።"

"አራቱም በአንድ ቀን ይታያል። አንዱ ከቀረ ከእሱ ትመለሳለች።" ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። "አንቺ ቆንጆ፣ ከማን ጋር ነው የምትተኚው?"

"ከእትዬ ሩቅያ ጋር" አልኩ በኩራት።

ባለመድኃኒቷ እናቴን አየቻት። "የባሌ እህት ናቸው" አለች እናቴ። "ግን እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው።"

"ቅማል ታላቅና ታናሽ አታውቅም፣ እህቴ።"

እናቴ የሚቀባውን መድኃኒትና ጥርሱ የተጠጋጋ ሚዶ ይዛ ስትመለስ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አሁን ይገባኛል። ፍራሽ መቀቀል ቢታዘዝ ትቀቅል ነበር። ያደገችበት ቤት ግን የባልን ታላቅ እህት "ሻሽዎን ይፍቱና ቅማል ልፈልግብዎት" የሚባልበትን ቋንቋ አላስተማራትም። እኛ ሰውን ስናከብር ራሱን ከቁጥር እናወጣለን። ለቀናት ዙሪያውን ዞረች። "እትዬ፣ ዓረፋ እየመጣ ነው፤ ራስዎን ልጠብልዎት?" ስትላቸው "እጄ አልተሰበረም" አሏት። "ሂና ላድርግልዎት?" ስትላቸው "ለማን ላምር ብለሽ ነው?" አሉ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ባለመድኃኒቷ ያለችውን እንዳለ ነገረቻቸው። እኔ ጓዳው በር ላይ ነበርኩ፤ እጄን ክፍት ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ጤፉን እየጨበጥኩ እለቅ ነበር።

እትዬ ሩቅያ ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ "አውቃለሁ" አሉ።

"ካወቁ ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ? ልጅቷን በጋዝ እኮ አቃጠልኳት!"

"ብነግርሽ ልጅቷን ከአልጋዬ ታነሺብኛለሽ።"

ይህን ያሉት እኔን ሳያዩ፣ ማዳበሪያዎቹን እያዩ ነው። ከእህል በረንዳ ነጋዴ ጋር በዋጋ ሲጨቃጨቁ ያልተሰበረ ድምፅ እዚያ ላይ ቀጠነ። እናቴ ተነሣች። ዱካ አምጥታ ብርሃኑ ጋ አስቀመጠችላቸው፣ ከኋላቸው ቆመች፣ የሻሹን ቋጠሮ በጥርሷ ጭምር ታግላ ፈታችው። ፀጉራቸው ሳስቷል፤ ሥሩ ነጭ፣ ጫፉ ከድሮ ሂና የቀረ ቀይ፤ ከጆሯቸው ኋላ በጥፍር የተቧጨረ ቁስል። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። መድኃኒቱን ቀብታ፣ ጊዜው እስኪደርስ ጠብቃ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ሚዶውን እየሳበች ነጭ ጨርቅ ላይ ትጠርጋለች።

"ብዙ ነው?" አሉ እትዬ ሩቅያ።

"ተዉት፣ እትዬ።"

"ነጋዴ ነኝ እኮ፤ የወጣውንም የገባውንም ልወቅ እንጂ!"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እትዬ ሩቅያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለእናቴም ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ፣ "እናቴ ከሞተች ወዲህ ራሴን የነካ ሰው የለም" አሉ። የእናቴ እጅ ትንሽ ቆመና ቀጠለ።

በዚያው ቀን የሁላችንም ራስ ታየ፤ የአባቴም ጭምር፣ እያጉረመረመ። ከሳምንት በኋላ፣ ከቀሩት እንቁላሎች የሚፈለፈል ካለ ተብሎ ተደገመ። ቅማሉ ከቤታችን ወጣ። እኔ ለእነዚያ ቀናት "ለጊዜው" ተብዬ ሳሎን ወለል ላይ እተኛ ነበር። ንጹሕ ነን በተባልን ማግስት እትዬ ሩቅያ አንሶላቸውን ቀይረው፣ ትራሴን በቦታዬ አኑረው ሲጠብቁ አባቴ የብረት አልጋ በጋሪ አስጭኖ ገባ። "ሃያት አድጋለች" አለች እናቴ። "ብቻዋን መተኛት ትልመድ።" እትዬ ሩቅያ አልጋውን ነካ ነካ አድርገው ጥንካሬውን ፈተሹና "ጥሩ ዕቃ ነው" አሉ። ትራሴን ራሳቸው አምጥተው ሰጡኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ግን እናቴን ጠሯት። "ዘሃራ፣ ያሳክከኛል። አንድ የቀረ ሳይኖር አይቀርም።" እናቴ ሥራዋን ጥላ ዱካውን አወጣች፣ ሻሹን ፈታች፣ ሚዶውን ከሥር እስከ ጫፍ ሳበች። አጠገቧ ቆሜ ነበርና ጨርቁን አየሁት፤ ነጭ ነበር፣ ምንም የለበትም። "አንዲት ትንሽ ነበረች፣ ወጣች" አለቻቸው። "ብዬሽ ነበር" አሉ እትዬ ሩቅያ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አሳከካቸው፤ ከዚያም በኋላ፣ እስከሞቱበት ዓመት ድረስ፣ አንዲት ትንሽ ሳትገኝ የቀረችበትን ቅዳሜ አላስታውስም። ሁለቱም አንድም ቀን እውነቱን ለመናገር አልቸኮሉም።

ያ ግቢ ፈርሷል፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሞ ጫማ በጅምላ ይሸጥበታል። አባቴም እትዬ ሩቅያን ተከተለ። እናቴ ወንድሜን ይዛ ወደ አገሯ፣ ወደ ቡታጅራ ተመለሰች፤ ስትደውል ስለ ኪራይና ስለ ምግብ ትጠይቀኛለች። እኔ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ አልጋ፣ ማንም የማይነካው የራሴ ትራስ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን በሞቀ ውኃ እታጠብና መስታወቱ የሚያሳየኝን ያህል፣ ከፊት ያለውን፣ አያለሁ። ከኋላ ያለውን የራሴን ክፍል እኔ ማየት አልችልም፤ ማንም ሰው አይችልም፣ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

ራሴ ንጹሕ ነው። አይቶ የነገረኝ ግን የለም።