ያላበደው ውሻችን

ውሻችን አላበደም። የእንስሳት ሐኪሙ ዛሬ ጠዋት ነገረን፤ ኦሎምፒያ ካለው ክሊኒኩ እስከ ቤታችን ድረስ ለማውቀውም ለማላውቀውም እያወራሁ መጣሁ።

ክረምት ላይ ሠፈራችን የውሻ በሽታ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ የውሻችን እናት ዓይኗ መግል ያዘ፣ አሳላት፣ ሞተች። ወንድሙም ተከተላት። አባባ ሁለቱንም ከአጥሩ ኋላ ቀበራቸው። የተረፈውን እማማ ኩፍኝ እንደያዘው ልጅ አስታመመችው፤ ጨለማ ዕቃ ቤት አስገብታ፣ መስኮቱን በጋቢ ሸፍና፣ እንግዳ እንዳያየው ከለከለች። ሲድን፣ "አንዴ ወጥቶለታል፣ ከእንግዲህ ምንም አይነካውም" አለች። የጎረቤታችንም ውሻ ከዚያው በሽታ ስለዳነ እንዲሁ ተባለለት። ሁለቱም የእብደት ክትባት ሳይከተቡ ቀሩ።

በኋላ የጎረቤታችንን ውሻ ያበደ ውሻ ነከሰው። ሰንብቶ እሱም አበደና የቤቱን ልጅ ነከሰ። የአብዮት ጥበቃው እዚያው በራቸው ላይ በጥይት ገደለው። ልጁ እስካሁን ሆዱን መርፌ ይወጋል።

ትናንት ጥበቃው እኛ ግቢ ገባ። የውሻችን መንጋጋ ከበሽታው ወዲህ ይርገበገባል፣ ለሃጩም ይንጠባጠባል።

"ይሄም አብዷል" አለ።

"ጓድ፣ ይሄ እኮ የክረምቱ በሽታ ጥሎበት የሄደው ነው" አለ አባባ።

"የጎረቤትዎም ድኖ ነበር።"

"ሐኪም ይየው።"

"እስከ ነገ ይየው። ከዚያ እኔ አየዋለሁ።"

ዛሬ ጠዋት በገመድ እየጎተትን ወሰድነው። ሐኪሙ ይበላ እንደሆነ፣ ያበደ ውሻ ነክሶት እንደሆነ፣ መንጋጋው ከመቼ ጀምሮ እንደሚርገበገብ ጠየቀ። "ከክረምት ጀምሮ? ያበደ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሞቶ ነበር። ግን የእብደት ክትባት ይወጋ" አለ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እማማ ግን ሐኪሙን አልለቀቀችውም። "ታዲያ አንዴ ታሞ ከዳነ መርፌው ለምኑ ነው?"

"እሜቴ፣ ኩፍኝ የወጣለት ልጅ ፈንጣጣ አይይዘውም?"

"ይይዘዋል እንጂ።"

"በቃ። የዳነበትን በሽታ ሰውነቱ ያውቀዋል። እብደትን አያውቀውም፤ የሚያስተዋውቀው ክትባቱ ነው።"

ውሻውን ወጋውና አንገቱ ላይ የክትባት ምልክት አሰረለት።

ቤት ስንመለስ ጥበቃው መጥቶ ምልክቱን አገላብጦ አየ። "መንጋጋው ግን ያስፈራል" ብሎ ወጣ። እማማ በሩን ዘግታ፣ "የእሱ ጠመንጃስ አያስፈራም?" አለች።

ሐኪሙ ነገ ጠዋት ውሾችን ሊከትብ ቀበሌያችን ግቢ ይመጣል፤ ለሰው ሁሉ ንገሪ ብሎኛል። ውሻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ታሞ የዳነ ከሆነማ እንዳትቀሩ። የእኛም እዚያ ይሆናል፤ መንጋጋው ሲርገበገብ ብታዩ አትሽሹ።