ጃኬቱ ላይ የሰፋሁት ምልክት

አባቴን የመርሳት በሽታ ሲጀምረው መጀመሪያ የጠፋው የእኔ ስም ነበር። ቀጥሎ የእናቴ ሞት ጠፋበት፤ "የት ሄደች?" እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። ሳይጠፋው የቀረው ሥራው ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አቃቂ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እሱ ግን ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ጫማውን ያስራል። "ፈረቃ ሊያመልጠኝ ነው" ይላል።

የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ ራሱ በሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ እኔና እሱ። ታናሽ ወንድሜ ቃሊቲ ይኖራል፤ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ግን ከሚገኝበት ቀን የማይገኝበት ይበዛል። አባዬ በተደጋጋሚ ከቤት እየወጣ፣ የሚያውቁት ሰዎች ከመንገድ እየያዙ ሲያመጡልኝ ወንድሜ አንድ መላ ዘየደ። ማተሚያ ቤት ሄዶ ኪውአር ኮድ አሠራ፤ ያ ሱቅ ውስጥ ለክፍያ የሚለጠፈው ዓይነት ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን። በስልክ ካሜራ ሲያነሱት "የመርሳት ችግር አለብኝ፤ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ እባክዎ ለልጄ ይደውሉ" የሚል ጽሑፍ ከእኔ ስልክ ቁጥር ጋር ይወጣል።

መጀመሪያ ያሠራው እጅ ላይ የሚታሰረውን ነበር። አባዬ አየውና እጁን ሰበሰበ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"መንገድ ቢጠፋህ ሰው ወደ ቤት እንዲመልስህ ነው፣ አባዬ።"

"እስረኛ ነኝ እንዴ ቁጥር የምታስሩብኝ?"

ዳግመኛ አላነሳንበትም። ወንድሜ ያንኑ ምልክት ጨርቅ ላይ አሳትሞ አመጣና፣ አባዬ እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቄ፣ ከላዩ ከማይለየው ቡናማ ጃኬት ጀርባ ላይ፣ ከኮሌታው ሥር ሰፋሁት። እሱ አያየውም፤ ከኋላው የቆመ ሰው ግን ያየዋል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ትንሽ እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ።

የጠፋው ሐምሌ ላይ ነው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጓሯችንን ሞልቶት ስለነበር ማለዳ ተነስቼ በአካፋ ቦዩን እከፍት ነበር። ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ባዶ ነው። ጫማው የለም፣ ጃኬቱ የለም። የስኳር ኪኒኑ ግን ከነውሃው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ጭቃው በነካው ልብስ እንደሆንኩ ወጣሁ። ጋራዦቹን፣ ዳቦ ቤቱን ጠየቅሁ፤ የአሮጌውን ባቡር ሐዲድ ዳር ዳሩን ሄድኩ። ጎረቤቶቼ አብረውኝ ወጡ። ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም እንጂ ዓይናቸው ወደ ወንዙ ነበር። ወንዙ ያን ሰሞን ሞልቶ ግንድ ሳይቀር ይዞ ይወርድ ነበር። እኔም ድልድዩ ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ሁሉ አየሁ። አንድ ጨርቅ ሲንሳፈፍ አይቼ ወደ ዳሩ ሮጬ ወረድኩ። ጆንያ ነበር።

ወንድሜ መኪናውን አቁሞ መጣ። ፖሊስ ጣቢያ አመለከትን፣ ቃሊቲ የአውቶቡስ መናኸሪያውን ዞርን። እኔ የያዝኩት አንድ ተስፋ ነበር፤ ስልኬ። "ምልክቱ አለበት፤ ያየው ሰው ይደውላል" እላለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ፈጥኜ አነሳለሁ፤ የሚደውሉት ግን "ተገኙ ወይ?" የሚሉ ዘመዶች ናቸው። መሸ። ማንም ሳይደውል ነጋ። ዝናቡም አላባራም።

በማግስቱ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሴት ናት።

"ከሆስፒታል ነው የምደውለው። ጃኬቱ ላይ ያለውን ኮድ ስካን አድርገን ነው ቁጥርዎን ያገኘነው። ታካሚው ድንገተኛ ክፍል ነው ያለው፤ መኪና ገጭቶት ነው።"

"በሕይወት አለ?"

"አለ፤ ግን ራሱን አያውቅም። ቶሎ ይምጡ።"

እንዴት እንደደረስን አላስታውስም። የደወለችልኝ ነርስ ጃኬቱን ከፌስታል አውጥታ አሳየችን። የአባዬ ነው። የሰፋሁበት ክር ሳይቀር ያው ነው፤ ደም ነክቶታል። ወደ አልጋው ወሰደችን። ፊቱ አብጦ፣ ከአንድ ዓይኑ በቀር በፋሻ ተጠቅልሏል። አባዬ የግራ እጁ አመልካች ጣት ጫፍ የለውም፤ ድሮ ማሽን የበላበት ነው። አንሶላውን ገለጥ አድርጌ ግራ እጁን ያዝኩ። ጣቶቹ ሙሉ ናቸው። የወጣት እጅ ነው።

"አባቴ አይደለም" አልኩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ወንድሜ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። ይህ ሰው አባዬ ካልሆነ አባዬ አሁንም አልተገኘም ማለት ነው፤ ከእንግዲህ ደግሞ የትም ቢወድቅ የሚያሳውቀን ነገር ላዩ ላይ የለም።

"ቀምቶት ነው" አለ ወንድሜ ወደ አልጋው እየተጠጋ። "አንተ፣ ተነሳ። አባቴን የት ነው የጣልከው?"

ነርሷ መሃላቸው ገባች። "ወንድሜ፣ ይሄ ሰው አይሰማህም። መታወቂያም ስልክም አልተገኘበትም፤ ያገኘነው የእናንተን ቁጥር ብቻ ነው። እኛም ቤተሰቡ መጣ ብለን ነው ደስ ያለን።"

አምቡላንስ ያነሳው ቃሊቲ፣ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት አካባቢ ነው አለችን። ወንድሜ እዚያ ሊፈልግ ሮጠ። እኔ ቀረሁ። አባዬን ያየው ሰው እዚህ ተኝቶ ወዴት እሄዳለሁ? ሐኪሙ መጥቶ "ምኑ ነሽ?" ሲለኝ "ምኑም አይደለሁም" አልኩት፤ ግን ከወንበሩ አልተነሳሁም። ከንፈሩ ሲደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አራስኩለት። እጸልይም ነበር። የምጸልየው ግን ለእሱ ሕይወት አልነበረም፤ ከመሞቱ በፊት አፉን እንዲከፍትልኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ያቺ ያልተሸፈነች ዓይኑ ተከፈተች። ነርሷ ስሙን ጠየቀችው፣ ነገራት። ጎንበስ አልኩ።

"የለበስከውን ጃኬት ከየት አመጣኸው?"

"ሽማግሌው ሰጡኝ" አለ።

"የት?"

"ቂሊንጦ። የፋብሪካ ሰርቪስ ሠራተኛ የሚያወርድበት ጋ።"

በየቃሉ እያረፈ ነገረኝ። የቀን ሠራተኛ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ዝናብ ላይ ቆሞ ሥራ ይጠብቃል። አባዬ ከፈረቃ ሠራተኞቹ ጋር ከአውቶቡስ ይወርዳል። ይሄን ልጅ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያየውና ጃኬቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ያደርግለታል።

"እምቢ ብላቸው ተቆጡኝ። 'ማሽን ክፍል ይሞቃል፤ እኔ አያስፈልገኝም' አሉ። ሥራ አላቸው ብዬ ነው የተቀበልኳቸው። እኔ ሥራ ሳጣ፣ ጭነት ላወርድ ወደ ቃሊቲ ሄድኩ።"

"እሱስ ወዴት ሄደ?"

"ወደ አዲሶቹ መጋዘኖች።" ዓይኑን ፊቴ ላይ አቆየ። "አልተገኙም እንዴ?"

"አልተገኘም።"

እንባው ወደ ፋሻው ወረደ። "ባልቀበላቸው ኖሮ..." ሲል "ተው፣ አትድከም" አልኩትና ወጣሁ።

ለወንድሜ ደውዬ ቂሊንጦ ተገናኘን። አንዱ በር ላይ ያለው ጥበቃ አስታወሰው። "ትናንት ጠዋት መጥተው ነበር። 'ተረኛ ነኝ፣ አስገባኝ' አሉኝ። 'አባት፣ ባጅዎ የታለ?' ስላቸው ኪሳቸውን ፈትሸው ተመለሱ። በሸሚዝ ብቻ ነበሩ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሜዳ፣ ግንባታ በግንባታ ነው የዞርነው። ጭቃው ጫማዬን አስቀረው። ወንድሜ "አባዬ" እያለ ይጣራል፤ ድምፁ ተዘግቶ እንደ ልጅነቱ ሆኖ ነበር። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጣሪያው ገና ባልተከደነ መጋዘን ውስጥ፣ ከተከመረ ብረት ጀርባ፣ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ጥቅልል ብሏል። ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል። ግንባሩ እንደ እሳት ይፋጃል። ዓይኑ ግን ክፍት ነው።

"አባዬ።"

አየኝ፤ አላወቀኝም። "ተረኛው ቀረ" አለኝ። "ማሽኑን ጥዬ መሄድ አልችልም።"

ላነሳው ብብቱ ሥር ስይዘው ብረቱን ጨብጦ አልለቅ አለ። "ተረኛዋ እኔ ነኝ" አልኩት። "ተቀብዬሃለሁ፤ ውጣ አንተ።"

"ዘይት አጠጪው" አለና ብረቱን ለቀቀ።

እዚያው ሆስፒታል ወሰድነው። ብርዱ ሳንባውን መትቶታል፤ ስኳሩም ከልክ አልፏል። ያ ልጅ ካለበት ጥቂት አልጋዎች አልፎ አስተኙት። ልጁ የአባዬን መገኘት ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ረጅም ጊዜ አለቀሰ። እናቱ ገጠር ናት፤ ስልክ የላትም። ሊቀጠቅጠው የነበረው ወንድሜ በመንገዱ ወደ መንደሯ ጎራ ብሎ ልጇ በሕይወት መኖሩን ነገራት።

አባዬ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ከአልጋ ግን አልተነሳም። ጫማውንም ዳግመኛ አልጠየቀም። መስከረም ሳይጠባ አረፈ።

ስለ ምልክቱ የሚጠይቁኝ ጎረቤቶች አሉ፤ የእነሱም እናትና አባት እያረጁ ነው። "አሠሩ" እላቸዋለሁ፤ "ግን የሚወልቅ ልብስ ላይ ብቻ አታድርጉት፤ ከተቻለ እያባበላችሁ እጁ ላይ እሰሩለት።" ወንድሜ ይህን ስል ከሰማ ከቤት ይወጣል። ምልክቱ ባይኖር ልጁን አናገኝም፣ ልጁን ባናገኝ አባዬን አናገኝም ነበር እለዋለሁ። ለእሱ ግን የሚታየው አባዬ በሸሚዝ ያደረባት ሌሊት ናት።

በለቅሶው ልጁ በክራንች መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ጠጋ ብላ "የማን ልጅ ነው?" አለችኝ፤ ነገሩ ረጅም ሆኖብኝ "የአባዬ እንግዳ ነው" አልኳት። ሰው ሁሉ ተሰናብቶ ሲወጣ እሱ ቀረ። ድንኳኑ ሲፈርስ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በአንድ እግሩ እየነጠረ፣ ከወንድሜ ጋር አግዳሚዎቹን እያነሳ ደረደረ።