ጎን ለጎን የተፈረመው ማመልከቻ

ድሬሰር ሆኜ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባቡር በወረድኩበት ቀን፣ አለቃዬ ዶክተር ተሰማ የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ስለ መርፌ መቀቀልም ስለ ቁስል ማጠብም አልነበረም። «ዶክተር ሐሺም ከላይ የፈረመበትን ወረቀት ይዘህ እንዳትመጣብኝ!» አሉኝ።

ዶክተር ሐሺም ወደ ታች ባለው የጥጥ እርሻ ክሊኒክ የሚሠሩ ሐኪም ነበሩ፤ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ። ሁለቱ «ቀድሜ የተመረቅኩት እኔ ነኝ» ተባብለው ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። በመሐል አቧራውን የምበላው እኔ ነበርኩ።

በጊዜው ሕግ ፅንስ የሚቋረጠው የእናቲቱን ሕይወት ለማዳን ሲሆን ብቻ ነው። ለዚያም አንዱ ሐኪም ጽፎ ሲፈርም፣ ሌላው ከሥሩ «እስማማለሁ» ብሎ መፈረም አለበት። ከሥር የሚፈርም ከየት ይምጣ?

ሕጉ ሊሻሻል ነው የሚል ወሬ ሲደርሰን እኛ ድሬሰሮች ዘመቻ ጀመርን። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «በዚህ በረሃ የሁለት ሐኪም ፊርማ ማግኘት ስለማይቻል የአንዱ ይብቃን» ይላል። እስከ ሎጊያ እየዞርኩ አስፈረምኩ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር «የመንገዱን ጉድጓድ ካልጨመርክበት አልፈርምም» ብሎ ችክ አለ። ጨመርኩለት።

እንዲህ ያስቸኮለችኝ እታገኝ ናት። የሦስት ልጆች እናት፣ ጥጥ ለቃሚ፤ የልብ ሕመም እያለባት አርግዛ እኛ ዘንድ ተኝታለች። ዶክተር ሐሺም እዚያ እርሻው ላይ፣ ዶክተር ተሰማ እዚህ ለየብቻ መርምረዋት «ይህን እርግዝና አትችለውም» ብለዋል። ከሥር ፈርሙ ሲባሉ ግን፣ በእሷም ወረቀት በማመልከቻውም ላይ፣ ሁለቱም እምቢ። እንዳትሞትብኝ በጣም ፈራሁ።

አዋላጃችን ወይዘሮ ፋጡማ ማመልከቻውንም የእታገኝንም ወረቀት ከእጄ ቀሙኝ።

«ወላሂ፣ እናንተ ወንዶች! ሁለቱንም ወረቀት አግድም አዙረህ ጎን ለጎን አስፈርማቸው። ያኔ የላይ የታች የሚሉትን አያለሁ!»

በጥጥ መኪና ወርጄ ዶክተር ሐሺምን አስፈርሜ ተመለስኩ። ዶክተር ተሰማ ማስመሪያ አወጡና ሁለቱን የፊርማ መስመሮች ለኩ። ደግመው ለኩ። «እኩል ነው» አሉና በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ፈረሙ። እታገኝ በዚያው ቀን ታክማ ዳነች።

ከወራት በኋላ ለላክነው ማመልከቻ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መልስ መጣ። «የሁለት ሐኪም ፊርማ ማግኘት አይቻልም ያላችሁት፣ በማመልከቻው ግርጌ የሁለት ሐኪም ፊርማ ስላለበት ተቀባይነት አላገኘም። የመንገዱ ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል።»

ወይዘሮ ፋጡማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ።

ማመልከቻ የምታስፈርሙ ሁሉ፣ ከመላካችሁ በፊት ከላይ የጻፋችሁትን ከታች ከፈረመው ሰው ጋር አስተያዩ። እኔ አላስተያየሁም። እታገኝ ግን ሦስቱንም ልጆቿን አሳደገች።