የዳለቻዋ ልጆች

ነገሌ ቦረና መጥቼ ማስተማር ስጀምር እንግሊዝኛ የምችል ይመስለኝ ነበር። ከቦሬ ብርድ ወደዚህ ቆላ ስወርድ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ ለነገሌ ሙቀት ምን እንደሚሠራልኝ የማላውቀው አንድ ወፍራም ጋቢ፣ ከኮሌጅ ያመጣሁት ትልቅ ትምክህትም ነበረኝ። ጋቢው እስከ ዛሬ አለ። ትምክህቱን ግን አንዲት ቃል ጨረሰችብኝ።

ቃሏ ራን ናት። ራን ማለት መሮጥ ነው፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። እኔም በዚሁ ነበር የማውቃት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ጠመኔ ስፈልግ ሽፋኑ የተገነጠለ ትልቅ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። እንዲሁ ስገልጠው ራን ላይ ደረስኩ። ዓምዱን አንብቤ ጨረስኩ፤ አሁንም እሷው ናት። ገጹን ገለጥኩ፤ እሷው። እንደገና ገለጥኩ፤ አሁንም እሷው ናት። በእንግሊዞቹ ቤት ሰው ብቻ አይደለም ለካ የሚሮጠው። ውሃ ይሮጣል፣ አፍንጫ ይሮጣል፣ ሞተር ይሮጣል፣ መንገድም ይሮጣል። ሱቅ ያለው ሰው ሱቁን ያስሮጣል፤ የታመመ ትኩሳት ይሮጣል። አቧራው ላይ ቁጭ አልኩ። ተገረምኩ ብል ይቀላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈራሁ። ልጅ ሆኜ ማንም የሌለበት ቤተ ክርስቲያን ስገባ ይሰማኝ የነበረው ዓይነት ፍርሃት ነው። ያቺን አጭር ቃል ስንት ዓመት ስጠራት ውስጧ ይህን ያህል መሬት እንዳለ አላውቅም ነበር።

የዚያን ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለመንግሥት ሠራተኞች እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ቆሙ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ይሆናል። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ገቡ። ያኔም እስከ ዛሬም አባባ ነው የምላቸው።

«አካም፣ ባርሲስቱ» አሉኝ፤ መምህርቷ ማለታቸው ነው። «ናጋ?»

«ናጋ» አልኩ።

«ቤቱ ናጋ? ተማሪው ናጋ? ቦሬ ዝናቡ ናጋ?»

ከቦሬ መምጣቴን ማን እንደነገራቸው እንጃ። ሁሉም ሰላም መሆኑን እስኪያረጋግጡ ድረስ ሠራተኞቹ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዳያቸውን የነገሩኝ።

ከከተማው የአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቀት ላይ ይኖራሉ። ኑሯቸው ከብት ነው። የሰፈራቸው ሰው መርጧቸው ለእንስሳት ጤና ሥልጠና ነገሌ ልኳቸዋል። ፈተናውን ያለፈ ሰው የመድኃኒት ሳጥን ከነቁልፉ ይሰጠዋል። ትምህርቱ በኦሮምኛ ነው፤ የማሠልጠኛው መጽሐፍና የመድኃኒቶቹ ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛ ነው። ፈተናው ላይ ያንን አንብቦ ማስረዳት ግድ ነበር።

«ባለፈው በጋ ላሞቼ ታመሙ» አሉ። «ሐኪም ልጠራ እዚህ መጣሁ። ይዤው ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸው። ሐኪም ይመጣል፣ ግን ላም አይጠብቀውም። ሳጥኑ እኔ ቤት ቢሆን...»

የቀረውን መጨረስ አላስፈለጋቸውም።

ፊደሉን ያነቡታል። ኦሮምኛ በቁቤ መጻፍ ሲጀመር መሠረተ ትምህርት ገብተው ተምረዋል። የቁቤ ፊደል ደግሞ የእንግሊዝኛው ስለሆነ ራንን በቁቤው ደንብ «ሩን» ብለው ነበር የሚያነቧት። አረምኳቸው፤ እሺ አሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ግን ሩን እንዳሏት ቀሩ።

«ሩን የላም አፍንጫ ላይ አለች» አሉኝ መጽሐፉን ዘርግተው። «ትኩሳት ላይ አለች። ውሃ ላይ አለች። መድኃኒት ሲያልቅም አለች። ይህች ቃል ያልገባችበት ቤት የለም?»

ትዕግሥት ያን ያህል አልፈጠረብኝም። ሌሎቹ ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው። መዝገበ ቃላቱን አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ላስፈራቸው ነበር፤ አልዋሽም።

«ይኸው፣ ከዚህ እስከዚህ ድረስ እሷ ናት። አንቱ ለፈተናው አራት አምስቱን ይያዙ፤ ይበቃዎታል።»

ገጾቹን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ዳሰሷቸው።

«አምስቱን ወስጄ ሌሎቹን ለማን ልተው?» አሉ። «ከነዘሯ ነው የምፈልጋት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትርጉሞቹን ሰሌዳው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ደረደርኩላቸው። አባባ ትንሽ አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

«ቁጥሩን አጥፊው፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ላም አይቆጠርም። የቆጠርሽው ይጎድላል። ላም በእናቷ ነው የምትታወቀው።»

«ይህ እኮ ላም አይደለም አባባ፣ ቃል ነው።»

«ላም ካልሆነ ጭንቅላቴ አይዘውም።»

ቁጥሩን አጠፋሁት። እሳቸው መሮጥን ለዳለቻዋ ሰጡ። ዳለቻዋ የመንጋቸው እናት የሆነች ግራጫ ላም ናት፤ እሳቸው በተወለዱ ጊዜ አባታቸው የእትብት ብለው ከሰጧቸው ጊደር ዘር የመጣች። «ሩን መጀመሪያ ከእግር ነው የተወለደችው» አሉኝ፤ መዝገበ ቃላቱም የሚለው ይህንኑ ነበር። የውሃን መፍሰስ ለዳለቻዋ ልጅ ለቡሬዋ ሰጡ፤ ግቷ ሳይነካ ወተት የሚንጠባጠባት ላም ናት። የአፍንጫ መዝረብረብ የቡሬዋ ጥጃ ሆነ፤ ውሃ ሳይሄድ አፍንጫ ከየት ይሄዳል ብለው። ሞተርን ቀኑን ሙሉ ማመስኳት የማታቆም ላም ወሰደችው። ሱቅ ወይም መሥሪያ ቤት ማስተዳደር ሲባል ደግሞ ሳያመነቱ ቀንድ የሌላትን ጎዳዋን ጠሩ። ወደ ውሃ ሲወርዱ ሁሉም የሚከተለው እሷን ነው አሉ።

ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጁት ሊቃውንት ቃሏን በተራ ደርድረዋታል፤ እኔም በተራው ልሸመድድ ነበር። እኚህ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብበው የማያውቁ ሰው ግን የትኛው ትርጉም የትኛውን እንደወለደ ያያሉ። የተሳሳቱ ሲመስለኝ ማታ ቤቴ ገብቼ አገላብጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደንቄ አላውቅም። ትንሽም ቀንቻለሁ።

እምቢ ያሉባቸውም ነበሩ። የሴት ስስ ካልሲ ክሩ ሲተረተርም ራን ይባላል ብላቸው በረባሷቸውን አዩና «ይህቺን የወደራ ደጋ ሰው ይውሰዳት፣ እዚያ ብርድ አለ» አሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ማለቅን ደግሞ ጨርሶ ለላም አልሰጡም። «እሷን እንዲሁ በባዶ እይዛታለሁ። በእሷ ላም አልጠራም» አሉ፤ እኔም አልተከራከርኳቸውም።

በመጨረሻው ቅዳሜ አንድ ትርጉም ቀረን።

«አንድ ነገር ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ፣ እንግሊዞቹ በቤተሰቡ ውስጥ ይሮጣል ይላሉ» አልኳቸው።

ሰሌዳውን ትኩር ብለው አዩ። የገባቸው አልመሰለኝም።

«ቦቃ» አሉ በመጨረሻ፣ ግንባራቸውን በጣታቸው ነክተው። ቦቃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ትንሽ ጊደር ናት። ያንን ነጭ ከዳለቻዋ ነው የወሰደችው፤ ዳለቻዋም ከእናቷ። «ፈረንጅ ይህን ያውቃል? ደም እንደሚሮጥ ያውቃል?»

«ያውቃል» አልኩ።

የፈተናው ቀን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ጠበቅኳቸው። ሌሎቹ ገብተው ወዲያው ይወጣሉ፤ አባባ አልወጡም። ብቆም ብቀመጥ አልሆነልኝም፤ በመስኮቱ አሾለቅኩ። ፈታኙ ከመጽሐፉ አንዲት መስመር አንብበው እንዲያስረዱ ጠይቋቸው ኖሯል። መስመሯ ላይ ራን አለች፤ አባባ ደግሞ ከዳለቻዋ ጀምረዋል። ወጣቱ ፈታኝ ሰዓቱን አየ። ጣልቃ ሊገባ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ቆይቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሁለት እጁን አገጩ ሥር አድርጎ ያዳምጥ ጀመር። አባባ ሲወጡ የቆርቆሮ ሳጥኑን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። ቁልፉን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ዘልዬ አቀፍኳቸው፤ ነውር መሆኑ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ለገበያ ነገሌ በመጡ ቁጥር ቤቴ ጎራ ይሉ ነበር። የግመል ወተት ሻይ አፈላላቸዋለሁ። «ሎን ናጋ?» እላቸዋለሁ፤ ከብቱ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። የቃሏን ወሬ ይነግሩኛል። «አፍንጫዋ ወለደች» ይሉኛል። «ሞተሯ ታማ ነበር፣ በመርፌ አዳንኳት።» ጥጃ በተወለደ ቁጥር ደግሞ አዲስ ትርጉም ይጠይቁኛል። ከመዝገበ ቃላቱ ፈልጌ አንዱን እሰጣቸዋለሁ። የመዝገበ ቃላቱ ጎተራ ሰፊ ነውና አንድም ቀን አልቋል ብዬ አልመለስኳቸውም። ያረጀችው ስትሞት ትርጉሟ ለልጇ ይተላለፋል። የላሞቹን ቤት አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም፤ ግን መንገድ ላይ ባገኛቸው እያንዳንዳቸውን የምለይ ይመስለኝ ነበር። ክፍል ገብቼ ራንን ሳስተምርም ከዳለቻዋ ነበር የምጀምረው።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። የሚቀጥለው ወቅት ይመጣል ተባለ፤ እሱም ቀረ፤ ከእሱ የሚቀጥለውም። ወደ ቆላው በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የወደቀው ከብት ሽታው ከተማ ድረስ ይመጣ ነበር። የአባባ ሳጥን ለትኩሳት መድኃኒት ነበረው፤ ለሣር የሚሆን ግን አልነበረውም። በየገበያው ቀን በሩን እያየሁ ጠበቅኳቸው፤ አልመጡም። ሻዩን አፍልቼ ብቻዬን የጠጣሁበት ቀን ብዙ ነው።

ከብዙ ወራት በኋላ መጡ። አርጅተዋል፤ በትሩ ነው የሚያቆማቸው። ቁልፉ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው። «ናጋ?» አሉኝ፤ «ናጋ» አልኩ። ቤቱን ጠየቁኝ፣ ተማሪውን ጠየቁኝ። ተራው የእኔ ሲሆን ሎን ናጋ ማለት አቃተኝ። ሰላም እንዳልሆነ እያወቅኩ እንዴት ሰላም ነው ወይ ልበል? ስጨነቅ ከአፌ ያመለጠኝ ሌላ ነገር ነው።

«አባባ፣ ስንት ቀሩ?»

ምላሴን ነከስኩ። ሃያ ምናምን ዓመት እሳቸውን አውቄ፣ ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ በገዛ እጄ አጥፍቼ፣ ይህን ጠየቅኩ። አባባ አልተቆጡም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አዞሩት።

«ሩንን ጥሪልኝ» አሉ።

«አሁን?»

«እኔ ስጠራቸው ድምፄ ይቆማል። ልጆቼ ቡሌ ሆራ ገብተው መኪና ይነዳሉ፤ ላሞቹን በመልክ አያውቋቸውም። ከእኔ ሌላ የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ።»

መዝገበ ቃላቱን አላነሳሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ከእናታቸው ጀመርኩ። መሮጥ፣ ዳለቻዋ አልኩ። «ኤ» አሉ። ውሃው፣ ቡሬዋ። «ኤ» አሉ። አፍንጫዋን ጠራሁ፣ ሞተሯን ጠራሁ፤ ሱቁን የምታስተዳድረዋን ጎዳዋንና የእሷን ልጆች ጠራሁ። በጠራሁ ቁጥር ኤ፣ አዎ ማለት ነው፣ ይላሉ፤ ለቅሶ ቤት የሟች ስም ሲነሳ እንደሚባለው ዝቅ አድርገው። ማለቅ ላይ ስደርስ ዘለልኳት። በመጨረሻ በዘር የሚወርደውን ጠራሁ። ቦቃዋ አልኩ፤ የመጀመሪያዋ ቦቃ የልጅ ልጅ፣ ያው ነጭ ግንባሯ ላይ ያላት።

ኤ አላሉም። ዓይኔን ስገልጥ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል።

«እሷን ቀስ ብለሽ ጥሪያት» አሉ። «ደክሟታል። ግን ቆማለች። ሆዷም ከበድ ብሏል መሰለኝ።»

ጥያቄዬን የመለሱልኝ እንዲህ ነው፣ ሳይቆጥሩ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። እሳቸው ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱ። ሲነሱ ትከሻዬን ነካ አድርገው «እንግዲህ አንቺ ጋ ናቸው፣ ጠብቂልኝ» አሉኝና ወደ መንገዱ ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገባሁ። ራንን ሰሌዳው ላይ ጻፍኳት። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ስንት ትርጉም አላት?»

«አትቆጠርም» አልኳት፤ ከዳለቻዋም ጀመርኩ።