ከሰባት ቁጥር ችሎት ፊት ለፊት

ከሰባት ቁጥር ችሎት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር አንዲት አሮጊት ጥጉን ይዘው ይቀመጣሉ። የቤት ክርክራቸውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ያኖራሉ። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ ይላሉ።

ጠበቃቸው በቀጠሮው ቀን ስላልቀረበ መዝገቡ ተዘጋባቸው። የጠበቆች ቅሬታ ክፍል ሄደው አቤት ቢሉ ጸሐፊዋ ማመልከቻቸውን መለሰችላቸው።

"ይሄ በደንብ አልተጻፈም እማማ፤ ጠበቃ ያዘጋጅልዎት።"

እስቲ እግዜር ያሳያችሁ፤ ጠበቃን ለመክሰስ ጠበቃ። ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ ተራዎ የሚደርሰው ከአምስት ወር በኋላ ነው አላቸው። መዝገቡን ለማስከፈት የቀራቸው ግን አንድ ወር ነው። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ያውም በሰዓቱ።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኳቸው፣ ባለጉዳይ ሆኜ አጠገባቸው ተቀምጬ።

"መምጣቱን አልተውም። ከቀረሁማ እኔም እንደ ጠበቃዬ ሆንኩ።"

ወዲያው አንድ ካባ ለባሽ ብቅ አለ። እንደ ልማዳቸው ተነሡ።

"እሱ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው።

ሰውየው ቆም ብሎ አያቸው፤ አላወቃቸውም።

"ይቀመጡ እንጂ እናቴ። ጠበቃ አለዎት?"

"ነበረኝ፣ ልጄ።"

ካርዱን አውጥቶ ሰጣቸውና አለፈ። ሴትዮዋ ፌስታሉን ፈተው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከሰጣቸው ካርድ ላይ ደረቡት።