የተመለሰው ምሳ ዕቃ

ጽሑፌ ተመረጠ! ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ ነው የሰማሁት። ከዚራ ሰፈር ያለው የንባብ ክበባችን ቅዳሜ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ የመረጠው የእኔን አንዲት ገጽ ነው። ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሹፌሩ በመስታወት አየኝና «ምን ተገኘ?» አለኝ። «ጽፌ ነዋ!» አልኩት። እሱም ሳቀ። ያቺ ገጽ ስለ አንድ ምሳ ዕቃ ናት። በገጿ ያላለቀውን እዚህ ልጨርሰው።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ሰሞን ከሦስት ሰው በላይ አብሮ መቆም ተከልክሏል። እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ፀሐዩ ሲብስብን አንድ ዛፍ ሥር ቆምን። ፖሊሱ በጣቱ ቆጠረን።

«አራተኛዋ ማናት?» አለ።

እርስ በርሳችን ተያየን። አራታችንንም ወሰደን።

ጣቢያ ስንደርስ ሦስቱን ለማንም እንዳይናገሩ አስፈራርተው ለቀቋቸው። የእኔ ደብተር ግን ተገለጠ። ከሒሳቡ ጀርባ ስለዚያው ክልከላ የሞነጫጨርኳት ግማሽ ገጽ ነበረች።

«ማን አስጻፈሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

«ውሸት። ይሄ የልጅ ጽሑፍ አይደለም።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ጽሑፌን ያደነቀልኝ ሰው አልነበረም።

የሴቶቹ ክፍል መስኮት ከደብተሬ ብዙም አይሰፋም። ግድግዳው ሲነኩት ያቃጥላል። ዐሥራ አንድ ሴቶች ሻሻቸውን በውኃ አርሰው አንገታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሏት፣ ሳቢያን ሰፈር ልብስ ትሸጥ የነበረች ወፍራም ሴት ናት። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላት። ገና ሳልቀመጥ ሕጉን ነገረችኝ።

«እዚህ ሥጋ አይገባም። ሁላችን የማንበላው አይከፈትም፤ ይመለሳል።»

ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበርን፤ የአንዷን እርድ ሌላዋ አትበላም። እኔ ግን ያኔ የምግብ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። እናቴ የት እንዳለሁ አታውቅም።

ሁለት ቀን ሲያካፍሉኝም እንቢ ብዬ ምንም አልበላሁም። እናቴ የታሰርኩበትን አላወቀችም እንጂ ቤታችን ቅርብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጠባቂዋ ስሜን ጠራች። ምሳ ዕቃው የእኛ ነው፤ ክዳኑ ላይ ያለችውን ጭረት አውቃታለሁ። እናቴ አገኘችኝ! ደስታዬ ሳያልቅ ሽታው መጣ። ጥብስ። እናቴ ስትደነግጥ ሥጋ ነው የምትሠራው።

«ይመለስ» አለች እትዬ።

«ለዛሬ ብቻ፣ በናትሽ እትዬ።»

«ይመለስ አልኩ።»

«እሺ እዚያ ጥግ ፊቴን አዙሬ ልብላ። ማንም አያየኝም።»

«ጥግ የለንም» አለችኝ። «ውጭ የከፋፈሉን ይበቃናል።»

አጠገቤ አንዲት ሶማሌ ሴት ነበረች፤ ከውጭ መጥቶ የሚጠይቃት የለም። ክንዴን ነካ አደረገችና «አባዮ፣ ብዪ» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው። «እኔ እንደሆንኩ ጠግቤያለሁ።» ጠዋት ምን እንደቀመሰች አይቻለሁ። ውኃ።

እልህ ያዘኝ። «ከፖሊሱ በምን ትሻያለሽ?» አልኳት ካቦዋን። ሻሿን በውኃ ነክራ አንገቷ ላይ መለሰች።

ምሳ ዕቃውን በገዛ እጄ መለስኩ። እናቴ ያልተነካ ምግብ ስታይ እዚህ የለሁም ብላ እንዳትደነግጥ፣ ቀይዋን የፀጉር ማስያዣዬን ፈትቼ እጀታው ላይ አሰርኩላት። ብልህ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ብዙም አልቆየ፤ ከበሩ ውጭ ጩኸት ተሰማ። የእናቴ ድምፅ ነው። ያልተነካ ምግብና የልጇን ማስያዣ አንድ ላይ ስትቀበል፣ ዕቃዬን የመለሱላት መስሏታል። «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። ለቅሶ ቤት እንደሚጮኸው ነው የምትጮኸው።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። በመስኮት መጮህ ደግሞ በጣቢያው ክልክል ነው፤ የጮኸች ፀሐይ ላይ ትቆማለች። እትዬ ትከሻዬን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። በዚያች ደቂቃ ጠላኋት። ከዚያ ራሷ ባልዲውን ገልብጣ ወጣችበትና አፏን መስኮቱ ላይ አደረገች።

«እናት! ልጅሽ አለች! የተመለሰው ሥጋው ነው፣ እሷ አለች! ነገ ምስር ይዘሽ ነይ!»

ውጭ ጸጥ አለ። በሩ ተከፈተ።

«ማናት የጮኸችው?» አለች ጠባቂዋ።

እኔ አፌን ስከፍት እትዬ ቀደመችኝ። «እኔ ነኛ። ድምፄን ዛሬ ነው የምትሰሚው?» አለች ጫማዋን እየፈለገች።

ጫማውን አልፈቀዱላትም። ግቢው ሲሚንቶ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆሟት። ስትገባ ውስጥ እግሯ ውኃ ቋጥሯል። ሻሼን አርሼ ስጠቀልልላት «ይቅርታ እትዬ» አልኳት።

«ምስሩን ቀይ ታድርገው ብያት ይሆን?» አለችኝ።

በማግስቱ ምስሩ መጣ፤ ቀይ። ማስያዣዬ ታጥቦ እጀታው ላይ ታስሯል። ርቦኝ ነበር፤ ግን አልከፈትኩትም። ክፈቺልኝ ብዬ ለሶማሌዋ ሴት ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ጉርሻ እትዬን አጎረሰቻት።

በዘጠነኛው ቀን ለቀቁኝ። ለምን እንዳስገቡኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንዳስወጡኝም አልነገሩኝም። ምስር ይዤ እትዬን ልጠይቅ ስሄድ «እዚህ የለችም» አሉኝ። ምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይዤው ተመለስኩ። የት እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ክልከላው ተነሥቷል ይባላል፤ እኔ ግን አሁንም ጓደኞቼ ጋ ስደርስ መጀመሪያ እቆጥራለሁ።

ቅዳሜ ኑ። እትዬ ከፀሐይ በገባችበት ሰዓት፣ በዘጠኝ፣ ከዚራ የንባብ ክበባችን ውስጥ ራሴ አነበዋለሁ። አራትም ሁኑ አርባ። የምትበሉትን ይዛችሁ ኑ፤ ሥጋ ብቻ ቤት ይቅር። ፊቴን አዙሬ ብቻዬን ልብላ የሚል ካለ ግን ከአሁኑ ይወቀው፤ ጥግ የለንም።